ኅዳር ሲታጠን፦ ከ1911ዱ ወረርሽኝ እስከ ቤቴል ደጃፎች

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቤታቸውንና ግቢያቸውን ጠርገው የሰበሰቡትን ጥራጊ፣ የደረቀ ቅጠልና አሮጌ ጨርቅ በየደጃፋቸው ከምረው እሳት ይለኩሱበታል፤ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ቤቴልም እንደ ሌሎቹ ሰፈሮች ሁሉ በዚያ ዕለት ጭስ ይወርሳታል። ልማዱ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ይጠራል። ስያሜው ራሱ ማብራሪያ ይሻል፤ «ማጠን» የሚለው ግስ በአማርኛ ማቃጠልን ሳይሆን አንድን ነገር ለማንጻት፣ መልካም መዓዛ ለመስጠት ወይም የተጠጋውን ክፉ ነገር ለማስወጣት በጭስ መሙላትን ያመለክታልና። ካህኑ በጽና ቤተ መቅደሱን ያጥናል፤ ባለ ላሟ የወተት ዕቃዋን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ «ዕጣን» የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ በኅዳር 12 የሚታጠነው ወሩ ሲሆን፣ የየደጁ ቆሻሻ ለወሩ ዕጣን ሆኖ ይቀርብለታል ማለት ነው።

ይህ ቀን በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ውስጥ የቆመበት ስፍራ እንግዳ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ «መፀው» ይባላል፤ ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣ፣ ሰማዩ የሚጠራበት፣ እህሉ የሚደርስበትና አጨዳው የሚጀመርበት ወቅት ነው። የኅዳርንም ስም «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ ገበሬው የደረሰ አዝመራውን ከአውሬና ከወፍ ለመጠበቅ ማሳው ዳር ጎጆ ቀልሶ የሚያድርበት ወር ነው በማለት። ሞትንና በሽታን የሚያስታውስ ቀን በዚህ የጥጋብ ወር መካከል መገኘቱ ከወቅቱ ጠባይ የመነጨ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱን በታሪክ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል።

ንጽጽሩን ግልጽ ለማድረግ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀውን የመፀው የፍርሃት ቀን፣ ሃሎዊንን፣ መመልከት ይጠቅማል። ሃሎዊን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን የሚውል ሲሆን፣ ከኅዳር 12 የሚለየው 21 ቀን ብቻ ነው። መነሻው የአየርላንድና የአጎራባች አገሮች ኬልቶች «ሳውን» ይሉት ከነበረው በዓል ጋር ይያያዛል። ሳውን የመከሩ ማብቂያና የክረምቱ፣ የዓመቱም የጨለማ እኩሌታ፣ መግቢያ ነበር፤ ከብቶች ከግጦሽ ይመለሱበታል፣ በኮረብታ ላይ ትልልቅ እሳት ይነድበታል፣ በሕያዋንና በሙታን ዓለም መካከል ያለው ድንበርም በዚያች ሌሊት እንደሚሳሳ ይታመን ነበር። የሮም ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ የቅዱሳንን ሁሉ መታሰቢያ በዘመናት ሂደት በኅዳር 1 (እ.ኤ.አ.) አጸናች፤ በ8ኛው መቶ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 3ኛ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። በ10ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማም የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ በማግስቱ ለሙታን ሁሉ ጸሎት እንዲደረግ ደነገገ። የበዓሉ የእንግሊዝኛ ስምም «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚለው ሐረግ አጥሮ የቀረ ነው።

ዛሬ በዚህ ስም የሚታወቀው አከባበር፣ ማለትም የተቦረቦረ ዱባ ውስጥ ሻማ ማብራት፣ ጭምብል ማጥለቅና ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጣፋጭ መለመናቸው፣ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በአሜሪካ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በደረሰው የድንች ረኀብ ምክንያት የተሰደዱት አየርላንዳውያን በአገራቸው ከቀይ ሥር የማይበልጥ ሥራ ሥር ቦርቡረው የሚሠሩትን ፋኖስ በአሜሪካ በብዛት ከሚገኘው ዱባ መሥራት ጀመሩ፤ የጣፋጭ ልመናውም በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ይታያል፤ ሙታንን ለማስታወስ የተመሠረተው ቀን ሙታኑን በምስል፣ በአጽምና በመቃብር ሥዕል መልክ ይዞ ቀርቷል፣ ፍርሃቱ ግን ወደ ጨዋታ ተለውጧል።

ኢትዮጵያውያን ልጆች በር ለበር የሚዞሩባቸው በዓላት ከዚህ ፍጹም የተለየ ባሕርይ አላቸው። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ወንዶች ልጆች ዱላ እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ፤ በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» ይላሉ። ሁለቱም ከጨለማ ወደ ብርሃን በሚሻገር ወቅት ላይ የቆሙ ስለሆኑ ጭምብልም ሙታንም አያስፈልጓቸውም፤ የኬልቶቹ በዓል የሚቆመው በጨለማው ደጃፍ ላይ ሲሆን እነዚህ የሚቆሙት በብርሃኑ ደጃፍ ላይ ነው። በአሜሪካ ከተሞች የሚያድጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሁለቱንም ወቅቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ያያሉ፤ በአዲስ አበባም በጥቂት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችና መዝናኛ ቤቶች ሃሎዊን መከበር ጀምሯል፤ ነገር ግን ከኅዳር 12 ጋር ሲነጻጸር የከተማዋን ሕይወት የሚነካ ነገር አይደለም። ሞትን ከወቅቱ ጋር ያገናኘው የአዲስ አበባ የራሷ ቀን ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ይህም ቀን ከሃሎዊን በተቃራኒ አንድ የተወሰነ ዓመት፣ አንድ የተወሰነ በሽታና አንድ የተወሰነ ከተማ አለው።

ዓመቱ 1911 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና 32 ዓመቷ ነበር፤ ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ፣ በእንደራሴነትና በአልጋ ወራሽነት ራስ ተፈሪ መኮንን ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዋና ከተማዋ ከባሕር ወደብ ጋር በቀናት ጉዞ የተገናኘችው ገና ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ይህ ለንግዱ ትልቅ ጸጋ የሆነ መንገድ ለተላላፊ በሽታም ከበቅሎ ጉዞ እጅግ የፈጠነ መንገድ ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሮችና መርከቦች ከአህጉር አህጉር ያዛወሩት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዓለምን ያጥለቀለቀ ሲሆን፣ በመላው ዓለም 500 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘና ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደገደለ በስፋት ይገመታል። ጦርነቱ የቆመበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1918፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው። አውሮፓ የሰላም ደወል ስትደውል አዲስ አበባ ሙታኗን እየቀበረች ነበር።

ሕዝቡ ለበሽታው ሁለት ስም ሰጠው። አንደኛው «የኅዳር በሽታ» ሲሆን ሁለተኛው «የንፋስ በሽታ» ነው፤ ሁለተኛው ስም ከአየሩ ጋር የሚመጣ፣ የማይታይና የማይያዝ መሆኑን ይናገራል። በነገሩ ላይ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1975 ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። የያኔው ራስ ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም፣ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ወረርሽኙን አንሥተው በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተና እርሳቸውም በብርቱ ታመው እንደዳኑ ይተርካሉ። ዛሬ ሚሊዮኖች በሚኖሩባት ከተማ ውስጥ 10,000 ሰው ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን የያኔዋ አዲስ አበባ በጥቂት መንደሮች የተከፋፈለች፣ በቤተ መንግሥቱና በአራዳ ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ ከተማ ስለነበረች፣ ቁጥሩ ሞት ያልገባበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር ለማለት የሚያስችል ነው።

የዚህ ወረርሽኝ አንዱ ጭካኔ የመረጠው ሰው ነው። በዓለም ዙሪያ እንደታየው፣ ሌላው ጉንፋን ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን የሚያጠቃ ሲሆን የ1911ዱ በሽታ በ20 እና በ40 ዓመት መካከል ያሉትን በተለይ ገደለ፤ ማለትም ቤት የሚያቆመውን፣ መቃብር የሚቆፍረውን፣ ውሃ የሚቀዳውን፣ ሕመምተኛ የሚያስታምመውን ጉልበተኛ ነው ያነሣው። ስለዚህ በሞተው ላይ ሞት ተደራርቦ፣ ሙታንን እንደ ወጉ የሚገንዝና የሚቀብር ሰው ጠፋ፤ ከዚያ ዘመን ሲተላለፉ የመጡት ትረካዎች ስለ ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ መቀበር፣ በሌሊት ስለሚያውኩ ጅቦችም ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ ለሟች ጸሎተ ፍትሐት ታደርሳለች፣ ከዚያም በ40ኛው ቀን ተዝካር፣ በዓመቱም ሙት ዓመት ይወጣለታል፤ በተዝካሩም ድሀ ይበላል፣ የሟቹ ስም በጸሎት ይጠራል። እንዲህ ያለው ወግ በቤተሰብ ጉልበት ላይ የቆመ ነው፤ ቤተሰቡ በአንድነት ሲወድቅ ወጉም አብሮ ይወድቃል። የዚያን ኅዳር አስፈሪነት ለመረዳት የሞቱትን ቁጥር ማወቅ አይበቃም፤ ያልተለቀሰላቸውንም ማሰብ ይገባል።

ጭሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባበትን ሁኔታ በተመለከተ በከተማው ሲተላለፍ የመጣው ትረካ እንዲህ ነው፤ ሕዝቡ ቆሻሻውን ከየቤቱ እያወጣ እንዲያቃጥልና አየሩን በጭስ እንዲያጸዳ ተነገረው፣ ይህም በተደረገ ጊዜ በሽታው ጋብ አለ፣ ቀኑም የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል በዓል የሚከበርበት ኅዳር 12 ሆነ። ኅዳር 12 በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቅዱስ ሚካኤል የመላእክት አለቃ ሆኖ የተሾመበት ቀን በመሆኑ፣ ከወርኃዊ በዓላቱ ሁሉ የላቀ ክብር አለው። ምእመናን መዳናቸውን ከአማላጁ ጋር ማያያዛቸው፣ በዚያም ቀን እሳት ማንደዳቸው፣ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የመጡ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ዕለት አጣመረ፤ አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው ጽዳት።

ወረርሽኝ የራሱ ሕግ አለው፤ በሽታው በአንድ ከተማ ውስጥ ሊይዘው የሚችለውን ሰው ሁሉ ከያዘ በኋላ የሚተላለፍበት ሰው እያነሰ ይሄድና ይረግባል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ብቻ ስለሆነ በ1911 ዓ.ም. የበሽታውን መንስኤ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ጭሱ የተነሣበት ጊዜና በሽታው የረገበበት ጊዜ ሲገጣጠሙ የማንኛውም አስተዋይ ሰው ልብ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ ቢይዝ አያስደንቅም። በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል የሚለው እምነት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1348 ታላቁ ቸነፈር አቪኞን በገባ ጊዜ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 6ኛ በሁለት ታላላቅ እሳቶች መካከል እንዲቀመጡ ሐኪማቸው መክሯቸዋል፤ በ1665ም ለንደን በቸነፈር ስትመታ በየመንገዱ እሳት እንዲነድ ታዝዞ ነበር። «ማላሪያ» የሚለው የጣልያንኛ ቃል ቀጥተኛ ፍቺው «መጥፎ አየር» ሲሆን «ኢንፍሉዌንዛ»ም ከጣልያንኛ የመጣ፣ ከከዋክብት የሚወርድ ተጽዕኖን የሚያመለክት ቃል ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ሐሳቡ ከባዕድ መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ የራሱ ጥልቅ ሥር አለው። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከአየርና ከሽታ ጋር የሚያያዙ በርካታ የሕመም ስሞች አሉት፤ «ምች» በፀሐይ ወይም በአንዳች ሽታ ምክንያት በድንገት የሚከሰት ትኩሳትና የፊት ቁስለት ሲሆን፣ በዳማከሴ ቅጠል ይታከማል፤ «መጋኛ» ደግሞ ከክፉ ንፋስ ወይም ከርኩስ መንፈስ የሚመጣ ድንገተኛ ውጋት ነው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ንፋስ፣ ሽታና መንፈስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ለንፋስ በሽታ ጭስን ማዘዝ፣ በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ፣ ለእሳት ውሃ የማዘዝ ያህል ግልጽ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ከዚሁ የቤት መድኃኒት ግምጃ ቤት የሚወጡ ናቸው፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ ወደ ከተማዋ የገባ ባዕድ ዛፍ ቢሆንም ቅጠሉ ለጉንፋን የሚታጠን የቤት መድኃኒት ለመሆን ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም።

በዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባል። በቡሄና በመስቀል ዋዜማ የሚነድደው ችቦና ደመራ የሚፈለገው ለነበልባሉ ነው፤ ደረቅ እንጨት ይመረጥለታል፣ ከፍ ብሎ እንዲታይ ይደረጋል፣ አወዳደቁም ይታያል። የኅዳር እሳት ግን የሚፈለገው ለጭሱ ነው፤ ስለዚህ ደረቁ ጥራጊ ላይ እርጥብ ቅጠል ይጨመርበታል፣ ነበልባል እንዳያነሣ ይታፈናል፣ ጭሱም በጓዳና በግቢ ውስጥ ዞሮ እንዲወጣ ይተዋል። ደመራው የአደባባይ ነው፣ ካህናትና ባለሥልጣናት ይገኙበታል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2013 የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ የኅዳሩ ጭስ ግን የየደጁ ነው፣ ዝማሬ የለውም፣ የታወቀ አለባበስ የለውም፣ ድግስም አይደገስበትም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አዋጅ፣ ያለ ቀሳውስት ትእዛዝ፣ ያለ መዝሙር ከመቶ ዓመት በላይ ይዞት የዘለቀው ይህ ልማድ ከሌሎቹ ባህላዊ ቅርሶች ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ የሚያሳዝን ነው።

ቤቴል በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ምሳሌ ናት። በ1911 ዓ.ም. ያ ምድር ከከተማዋ ውጭ ያለ ገጠር ነበር፤ ስለዚህ የሰፈሩ ነዋሪዎች በኅዳር 12 ደጃፋቸው ላይ የሚያስታውሱት ሰቆቃ በዚያ ቦታ የደረሰ ሳይሆን ከአራዳ፣ ከጉለሌ፣ ከመርካቶ ዙሪያና ከሌሎች ሰፈሮች፣ እንዲሁም ከክፍላተ ሀገር ከመጡ ሰዎች ጋር አብሮ የገባ ነው። ከተማው ወደ ምዕራብ ሲሰፋ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤናና ወደ ወይራ ሰፈር የሚወስዱት መንገዶች ሰው ሲያመጡ፣ ልማዱም ከአሮጌው ጎረቤት ወደ አዲሱ ጎረቤት ተሸጋገረ። የሰፈሯ ስም ከኦሪት ዘፍጥረት የተወሰደ ነው፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ተኝቶ በሕልሙ መላእክት የሚወጡበትና የሚወርዱበት መሰላል ካየ በኋላ በፍርሃት ነቅቶ ቦታውን «ቤቴል»፣ በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር ቤት»፣ ብሎ ሰየመው። የአጎራባቹ የወይራ ሰፈር ስም ደግሞ ጭሱ ለወተት ዕቃ፣ ለቤትና ለሰውነት እጅግ የሚፈለገውን ዛፍ ያስታውሳል። እነዚህ ሁለት ስሞች በአንድ አካባቢ መገናኘታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ የመላእክት አለቃ በሚከበርበት በጭሱ ቀን ሲታሰቡ ትርጉም ያገኛሉ።

የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ በሃይማኖትም በትውልድም አንድ ወጥ አይደለም፤ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ግቢና በአንድ ዕድር ይኖራሉ። የጭሱ ልማድ በዚህ ስብጥር ውስጥ ሊቆይ የቻለው ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ቢሆንም ድርጊቱ ራሱ ጽዳት ስለሆነ ነው፤ ደጃፍን ጠርጎ ጥራጊን ማቃጠል ከማንም እምነት ጋር አይጋጭም፤ ጎረቤት ሲያጤስ አለማጤስም ከመንደሩ ለብቻ መለየት ይሆናል።

ሆኖም የጭሱ ይዘት ባለፉት አሥርተ ዓመታት ተለውጧል፤ ይህም የልማዱ ታሪክ ዋነኛ ምዕራፍ ነው። በ1911 ዓ.ም. ከአንድ ቤት የሚወጣ ቆሻሻ ቅጠል፣ ገለባ፣ አመድ፣ እበትና አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ ይህ ሲነድ የሚያስለው ቢያስልም ከምድጃ ጭስ ብዙ የተለየ አይደለም። ዛሬ ከዚያው ደጃፍ የሚወጣው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ አሮጌ ጫማና ጎማ ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በአነስተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባሉ እጅግ መርዛማ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ወቅቱም ችግሩን ያባብሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ጥርት ያለና ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ ከመሬት ጋር የሚነካካው አየር ከላዩ ካለው አየር ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ጊዜ ጭሱ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ በጣሪያዎች ደረጃ ተንሳፍፎ ይቆያል። በሽታን እንዲያባርር የተነሣ ጭስ ራሱ አስምና የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው መታመሚያ ሆነ። በዚህ ምክንያት በቅርብ ዓመታት የጤናና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ቀኑ ሲቃረብ ቆሻሻው እንዳይቃጠል፣ ይልቁንም ተሰብስቦ እንዲነሣ ያሳስባሉ። ማሳሰቢያው ትክክል ነው፤ ጽዳቱን ጠብቆ ጭሱን መተው የልማዱን መንፈስ አያፈርስም፣ የ1911 ሰዎች የፈለጉት ጤንነትን እንጂ ጭስን ለራሱ አልነበረምና።

ቆሻሻን ማቃጠልና ማራቅ ለኮልፌ ቀራንዮ ከሌሎች ክፍላተ ከተማ ይልቅ የቀረበ ጉዳይ ነው። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የረጲ የቆሻሻ መጣያ፣ በሕዝቡ ዘንድ «ቆሼ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ከተማዋ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ጥራጊዋን ያከማቸችበት ከ30 ሄክታር በላይ የሆነ ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ በሥሩና በዳርቻው የሠፈሩ ቤቶችን ሲቀብር ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተነደፈ፣ ጭሱን የሚያጣራ ፋብሪካ ተመረቀ። በኅዳር 12 ደጃፉን የሚያጥን የቤቴል ነዋሪና የረጲ ጭስ ማውጫ፣ አንዱ በልማድ ሌላው በምሕንድስና፣ ከተማዋ ከራሷ የሚወጣውን ነገር ወዴት እንደምታደርገው ለሚጠይቀው ለዚያው ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ፣ «የኅዳር በሽታ» የሚለው አሮጌ ስም እንደገና በየሰው አፍ ላይ ዋለ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ከገበያ ጠፉ፣ ዋጋቸውም ናረ፤ ካህናት ጽና ይዘው በአዲስ አበባ መንደሮች እየዞሩ ዕጣን አጠኑ። የቤተ መቅደሱ ጭስና የደጃፉ ጭስ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንድ ዓላማ ላይ ተገናኙ። በዚያ ጊዜ የጋዜጦችና የሬዲዮ ፕሮግራሞች የኅዳር በሽታን ደጋግመው ማንሣታቸው አንድ ቁም ነገር አሳየ፤ ብዙ ሰው ልማዱን በደንብ ያውቃል፣ ልማዱን የወለደውን ወረርሽኝ ግን ገና ያን ጊዜ እንደ አዲስ ይማር ነበር።

ይህ ነገር ከሃሎዊን ጋር ሲተያይ ልዩነቱን ያጎላዋል። በዚያ በዓል የሙታን ምስል በየደጃፉ ይሰቀላል፣ ፍርሃቱ ግን ለቅቋል፤ በዚህ ቀን ፍርሃቱ፣ ማለትም በሽታ ይገባል የሚለው ሥጋት፣ በሙሉ ኃይሉ ቆይቷል፣ ሙታኑ ግን ከቀኑ ወጥተዋል። የኅዳር 12 ሥርዓት ስም የሚጠራበት ጊዜ የለውም፤ ሻማ አይበራበትም፣ መቃብር አይጎበኝበትም፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት መሆኑን የሚናገር ቃል በጭሱ ዙሪያ አይሰማም። ለልማዱ መጽናት ምናልባት ይህ ዝምታ ራሱ ረድቶታል፤ ኀዘኑ ከብዶ ቢሆን ኖሮ ልጆች እየተሯሯጡ ቅጠል አይሰበስቡበትም ነበር። ነገር ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከ110 ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ ያን ኅዳር በዓይኑ አይቶ የሚተርክ ሰው የለም። በቤቴል ደጃፍ ላይ ቅጠል ሲከመር የሚያይ ልጅ ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ «በሽታ እንዳይገባ» የሚል መልስ ያገኛል፤ መልሱም እውነት ነው፤ በሽታው አንድ ጊዜ እንደገባና እነማንን ይዞ እንደሄደ ግን ለልጁ የሚነግረው ሰው ከመጽሐፍ ካላነበበ በስተቀር አያውቅም።